ተቅማጥ የመሰለ ድርቀት

«ልጄ 2 ዓመት ከ4 ወሩ ነው፤ ክብደቱ 12 ኪሎ። በ2 ዓመቱ ጡት ካስጣልኩት ወዲህ የላም ወተት በጡጦ ይጠጣል፤ በቀን እስከ 5 ጡጦ። ሁለት ወር አለፈው፣ 4 ወይም 5 ቀን ካካ ሳይል ይቆይና ከዚያ ቀኑን ሙሉ ሱሪውን በቀጭኑ ያቆሽሻል። ፋርማሲ ስጠይቅ አሜባ ይሆናል ብለው ሁለት ጊዜ ፍላጅል ሰጡኝ፤ ለውጥ የለም። ማማጥ ሲጀምረው ሶፋ ጥግ ሄዶ እግሩን አጣብቆ ይቆማል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ያልበዋል። ፖፖ ላይ ላስቀምጠው ስል ይጮኻል። አማቴ ጥርስ ነው ይላሉ፤ ጎረቤቴ ደግሞ ጉሎ ዘይት ስጪው ትለኛለች። ተቅማጥ ነው ወይስ ድርቀት? የቱን ላክም?»
የሚኪ እናት

ውድ የሚኪ እናት፦

የጻፉልን ምልክት ሁሉ የሚጠቁመው ድርቀትን ነው። ሱሪውን የሚያቆሽሸው ቀጭን ነገር አንጀቱ መጨረሻ ላይ ከተከማቸው ደረቅ ካካ ጎን አምልጦ የሚወጣ ፈሳሽ ነው። ይህን የሚያረጋግጥልዎ ሆዱን ዳስሶ የሚያይ ሐኪም ወይም ጤና መኮንን ነው፤ ብዙ ጊዜ ከእምብርት ዝቅ ብሎ በግራ በኩል ጠጣር እብጠት በእጅ ይገኛል። ራጅና የደም ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። እስከዚያው ግን ተቅማጡን አቆማለሁ ብለው ምንም አይስጡት። የሚያደርቅ ነገር በሰጡት ቁጥር ውስጥ ያለው ይጠነክራል፣ ከጎኑ የሚያመልጠውም ይብሳል።

ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ማወቁ ሕክምናው ለምን ወራት እንደሚፈጅ ያስረዳል። የትልቁ አንጀት አንዱ ሥራ ከምግብ ቅሪት ውስጥ ውሃ መምጠጥ ነው። ካካው ውስጥ በቆየ ቁጥር ይደርቃል፣ ይወፍራል። አንድ ቀን ያ ወፍራም ነገር ሲወጣ ልጁን ክፉኛ ያመዋል፤ አንዳንዴም መውጫውን ይሰነጥቀዋል። የ2 ዓመት ልጅ ከዚህ የሚረዳው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ካካ ያማል። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣበት ይይዘዋል። ሲይዘው ይደርቃል፣ ሲደርቅ ደግሞ የባሰ ያማል።

እርስዎ ማማጥ ያሉት ሶፋ ጥግ የሚያደርገው ነገር መያዝ ነው። ሊወጣለት የፈለገ ልጅ ቁጢጥ ይላል። እግሩን አጣብቆ፣ ቂጡን ጨምቆ፣ በእግር ጣቱ የቆመ ልጅ ግን እንዳይወጣ እየታገለ ነው። ብዙ ወላጅ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ «እያማጠ እምቢ አለው» ብሎ ያዝናል፣ አንዳንዱም ይቆጣል።

በዚህ ሁኔታ ሳምንታት ሲያልፉ የአንጀቱ መጨረሻ ይለጠጣል። የተለጠጠ አንጀት ደግሞ መሙላቱን አያስታውቅም። ከላይ የሚመጣው ገና ያልረጋ ፈሳሽ በተከማቸው ደረቅ ነገር ዙሪያ ሾልኮ ሱሪው ላይ ይፈስሳል፤ ልጁ ሲወጣበት አይሰማውም። «ለምን አልነገርከኝም?» ብሎ መቆጣት የማይጠቅመው ለዚህ ነው፤ ሳያውቀው የወጣበትን ሊነግርዎ አይችልም።

እውነተኛውን ተቅማጥ ከዚህ የሚለዩት እንዲህ ነው። ተቅማጥ ድንገት ይጀምራል፣ በ24 ሰዓት ውስጥ 3 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ በርከት ያለ ውሃማ ነገር ይወጣል፤ ብዙ ጊዜም ትኩሳት ወይም ማስመለስ አብሮት አለ። ከድርቀት ጎን የሚያመልጠው ግን በትንሽ በትንሹ ነው፤ ሱሪው ላይ ተለቅልቆ ይገኛል፣ ሽታው ከባድ ነው፣ ከመጀመሩ በፊትም ካካ የሌለባቸው ቀናት አልፈዋል። የምግብ ፍላጎቱንም ይመልከቱ፦ ቀን በቀን እየቀነሰ ሄዶ አንድ ትልቅ ካካ በወጣ ማግስት የሚመለስ ከሆነ ድርቀት ነው። ሦስተኛም ዓይነት አለ፤ በቀን 4 ጊዜና ከዚያ በላይ ለሳምንታት የሚያስቀምጠው፣ ካካው ውስጥ ያልተፈጨ ካሮትና ባቄላ የሚታይ፣ ግን የሚጫወት፣ የሚበላና ክብደቱ የሚጨምር ልጅ። እዚያ ላይ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ጁስና ጣፋጭ መጠጥ ነው፤ ጁሱ ሲቆም ይሻለዋል። የእርስዎ ልጅ ከዚህኛው ወገን አይደለም።

«ስንት ጊዜ ቢል ነው ጤነኛ?» ብለው ባይጠይቁንም የሚያሳስብዎ ይመስለናል። በዚህ ዕድሜ በቀን ከ3 ጊዜ ጀምሮ በ2 ቀን አንዴ እስከ ማለት ሁሉም ደህና ነው፤ ለስላሳ እስከሆነና እስካላመመው ድረስ። ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ ቅርጹን ይዩ። በእንግሊዟ ብሪስቶል የተዘጋጀ፣ ብዙ የሕፃናት ሐኪሞች የሚጠቀሙበት የ7 ዓይነት ሥዕል አለ፦ 1ኛው እንደ ፍየል በጠጥ የተነጣጠለ ጠጣር፣ 2ኛው ተጣብቆ የጎረበጠ፣ 3ኛው ላዩ የተሰነጣጠቀ፣ 4ኛው ለስላሳና ረዘም ያለ፣ 5ኛው ለስላሳ ቁርጥራጭ፣ 6ኛው ጭቃማ፣ 7ኛው ውሃ ብቻ። ለእርስዎ ልጅ የምንፈልገው 4ኛውንና 5ኛውን ነው። በአንድ ወረቀት ላይ ቀኑን፣ ስንት ጊዜ እንዳለ፣ የቅርጹን ቁጥር፣ ያለቅስ እንደነበር፣ የጠጣውን ወተትና የወሰደውን መድኃኒት መጠን ይጻፉ። ያ ወረቀት ለሐኪሙ ከላቦራቶሪ ውጤት ይበልጥ ይጠቅመዋል።

አሁን ወደ ሕክምናው። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ የለበትም፦ መጀመሪያ የተከማቸው ይወጣል፣ ከዚያ ካካው ለወራት እንደለሰለሰ ይቆያል፣ መጨረሻ ላይ መድኃኒቱ ቀስ ተብሎ ይቀነሳል። ምግብ ብቻ አስተካክሎ የታጨቀውን ማስወጣት አይቻልም። ተልባውም አጃውም ጥሩ ነው፤ ግን መንገዱ ተዘግቶ ሳለ ከላይ ቢጨምሩ ቁርጠቱና መነፋቱ ይብሳል።

የታጨቀውን ለማስወጣት ተመራጩ ማክሮጎል የሚባል በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት ነው፤ ውሃ ይዞ ወደ አንጀት ስለሚወርድ ካካውን ያረጥበዋል። ለማስወጫ የሚታዘዘው በየቀኑ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.5 ግራም ሲሆን የሚወሰደውም ከ3 እስከ 6 ቀን ነው፤ ለ12 ኪሎ ልጅ በቀን ከ12 እስከ 18 ግራም ይመጣል። አሜሪካ ያሉ አንባቢዎቻችን ሚራላክስ ብለው ያለ ማዘዣ የሚገዙት እሱኑ ነው፤ ያለ ማዘዣ ይሸጣል ማለት ግን ለ2 ዓመት ልጅ ሐኪም ሳይጠየቅ ይሰጣል ማለት አይደለም። ማክሮጎል ካላገኙ ሐኪሙ ላክቱሎስ ሽሮፕ ያዝልዎታል። ከ1 እስከ 4 ዓመት ላሉ ልጆች የተለመደው መጠን በቀን 2 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ከ2.5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከየት እንደሚጀመር ሐኪሙ ይወስናል። መሥራት እስኪጀምር እስከ 2 ቀን ሊወስድ ይችላል፤ መጀመሪያ ሰሞን ሆድ ይነፋል፣ ጋዝም ይበዛል። የሚለኩበት ዕቃ መርፌ የሌለው ስሪንጅ ይሁን፤ የወጥ ቤት ማንኪያ ልኩ ከቤት ቤት ይለያያል።

እዚህ ጋ ብዙ ቤተሰብ የሚሰናከልበትን ነገር አስቀድመን እንንገርዎ። ማስወጫው በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሱሪ ማቆሸሹ ይብሳል። መድኃኒቱ «ተቅማጥ አመጣበት» ተብሎ የሚቆመው ያኔ ነው። አያቁሙ፤ የከበደው ክምር ሲወጣ መፍሰሱ ራሱ ይቆማል። በርከት ያለ ካካ ወጥቶ፣ ሆዱ ለስልሶና ፍሰቱ ቆሞ ሲያዩ ወደ ጥገናው መጠን፣ ማለትም ካካውን እንደለሰለሰ ወደሚያቆየው አነስተኛ መጠን፣ ይወርዳሉ። ማክሮጎል ከሆነ ብዙ ጊዜ ለአንድ ኪሎ 0.4 ግራም አካባቢ ይጀመራል፤ ለ12 ኪሎ ልጅ በቀን 5 ግራም ገደማ። ግቡ በየቀኑ አንድ ወይም ሁለት ለስላሳ ካካ ነው። ውሃ ከሆነ መጠኑን ትንሽ ይቀንሱ፤ ከጠነከረ ትንሽ ይጨምሩ። እንዲህ ከፍ ዝቅ ማድረጉን ከሐኪሙ ጋር አስቀድመው ይስማሙበት እንጂ በየጊዜው ጨርሰው አያቋርጡት።

ሁለተኛው መሰናክል የሚመጣው ልጁ ሲሻለው ነው። አንድ ሳምንት በደህና ሲያሳልፍ መድኃኒቱ ይቆማል፤ በሦስተኛው ሳምንት ሁሉም እንደነበረው ይመለሳል። የተለጠጠው አንጀት ወደ ልኩ እስኪመለስና ልጁ ሕመሙን እስኪረሳ ወራት ይወስዳል። ስለዚህ ጥገናው ከ2 ወር ባላነሰ ጊዜ ይቀጥላል፤ የሚቀነሰውም ቢያንስ አንድ ወር ሙሉ ያለ ምንም ምልክት ካለፈ በኋላ፣ እሱም ደረጃ በደረጃ። «አንጀቱ ይለምድበታል» የሚለውን ስጋት ከየዘመዱ መስማትዎ አይቀርም። ማክሮጎልም ላክቱሎስም ውሃ ይዘው ካካ የሚያለሰልሱ ናቸው፤ አንጀትን አያሰንፉም።

ጉሎ ዘይቱን ይተዉት። አንጀትን ገርፎ ያስቀምጣል፣ ቁርጠቱ ኃይለኛ ነው፤ ካካን የሚፈራ ልጅ ደግሞ ሌላ ሕመም ሲጨመርበት የባሰ ይይዛል። ሳሙና ቀርጾ በመውጫው መክተትም እንዲሁ፤ ስስ የሆነውን የውስጥ ቆዳ ያቃጥላል። ፓራፊን ዘይት ትን ብሎት ሳንባው ከገባ ከባድ የሳንባ ምች ያመጣል። ተቅማጥ ማቆሚያ የሚባለው ሎፔራማይድ ለዚህ ዕድሜ አይሰጥም። ፍላጅልስ? አሜባም ጃርዲያም ቢሆን በሰገራ ምርመራ ታይቶ የሚታከም ነው፤ ሳይታይ የተሰጠ ፍላጅል ድርቀትን አያክምም፣ አፉን ያመርረዋል፣ የምግብ ፍላጎቱንም ይዘጋል። ሦስተኛ ጊዜ አይግዙ።

አሁን ስለ ወተቱ። አንዱ ጡጦ 240 ሚሊ ሊትር ከያዘ፣ 5 ጡጦ 1.2 ሊትር ነው። በዚህ ዕድሜ ከግማሽ ሊትር ብዙም ማለፍ የለበትም። ወተት ሆድ ይሞላል፣ ፋይበር የለውም፤ ወተት የጠገበ ልጅ ምስሩንም ጎመኑንም ይገፋል። ሌላም ጣጣ አለው፦ የላም ወተት ብረት የለውም ማለት ይቻላል፣ ከሌላ ምግብ የሚገኘው ብረትም በደንብ እንዳይመጠጥ ያደርጋል። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ የደም ማነሱም ይታይለት። ወተቱን ባንድ ቀን አይከልክሉት፤ በየ3 ወይም 4 ቀኑ አንድ ጡጦ እየቀነሱ 2 ላይ ያድርሱት። የቀን ቀኑን ያስቀድሙ፤ የመኝታውን መጨረሻ ይተዉት፣ ትግሉ እዚያ ላይ ነውና። የቀሩትን በኩባያ ይስጡት፤ ጡጦውን ራሱን መተው የነበረበት ገና ድሮ ነው። በወተቱ ምትክ ውሃ፣ በእጁ በሚይዘው ትንሽ ኩባያ፣ ከምግብ ጋርና በየጨዋታው መሃል። ወተቱን ጨምሮ በቀን ወደ 1 ሊትር ፈሳሽ ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ውሃ ማስጨነቅ ድርቀትን አይፈታም። መድኃኒቱ በትክክል ተወስዶ፣ ወተቱም ተቀንሶ ምንም ካልተለወጠ፣ ሐኪሙ ከ2 እስከ 4 ሳምንት የላም ወተትና ተዋጽኦውን ጨርሶ አቁሞ ሊሞክር ይችላል። ያን ጊዜ በፍየል ወተት መተካት አያዋጣም፤ ፕሮቲናቸው ተመሳሳይ ነው።

ምግቡ የቤታችሁ ምግብ ነው፤ ልዩ ነገር አይግዙ። የጤፍ እንጀራ በምስር ወይም በሽሮ፣ በደንብ የበሰለ ጎመን፣ የአጃ ወይም የስንዴ ቅንጬ፣ ፓፓያ፣ አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ብርቱካን ከነሥጋው። ብርቱካኑ ተጨምቆ ሲጠጣ ፋይበሩ ወንፊት ላይ ቀርቷል፤ ጁስ መስጠትዎ ካልቀረ በቀን ከ120 ሚሊ ሊትር አይለፍ። ከተማ ያሉ ልጆች ቀኑን የሚያሳልፉበት ብስኩት፣ ነጭ ሩዝና ፓስታ ይቀነስ። ሙዝ ያልበሰለው ነው የሚያደርቀው፤ ቆዳው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ የጣለውን ቢሰጡት ችግር የለውም። ተልባ የሚሰጡት ከሆነ የታጨቀው ከወጣ በኋላ፣ ተፈጭቶ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ በገንፎ ወይም በእርጎ ውስጥ፣ ከውሃ ጋር ይሁን።

ፖፖውን ለጊዜው ያንሱት። ሕመም ያለበትን ልጅ ማስለመድ ፍርሃቱን ፖፖው ላይ ማሰር ነው። ወደ ዳይፐር ቢመለስ ውድቀት አይደለም። ለተወሰኑ ሳምንታት ሳያለቅስ ለስላሳ ካካ ሲል ከቆየ እንደገና ይጀምሩ። ያኔም ምግብ ከበላ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በኋላ ያስቀምጡት፤ ሆድ ምግብ ሲቀበል ትልቁ አንጀት ይነቃነቃልና ሰዓቱ ያግዛል። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይበቃል። መሬት ላይ የሚቀመጥ አጭር ፖፖ ከሁሉ ይሻላል፤ ጉልበቱን ከዳሌው ከፍ ስለሚያደርግለት መውጫው ይቀናል። ሽንት ቤት ወንበር ላይ ከሆነ ግን እግሩ ተንጠልጥሎ መቅረት የለበትም፤ ከእግሩ ሥር በርጩማ ያድርጉለት። ፊኛ ያስነፉት፤ ሲነፋ ሆዱ ራሱ ወደ ታች ይገፋል። ምስጋናው ለመቀመጡ ይሁን፤ ካካ ስላለና ስላላለ አይሁን።

ለአማትዎ እንዲህ ይበሉልን፦ ጥርስ ነው ማለታቸው ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ የመጨረሻዎቹ የወተት መንጋጋዎች የሚወጡት በዚሁ ዕድሜ፣ ከ2 ዓመት ገደማ እስከ 3 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ግን ጥርስ ተቅማጥም ድርቀትም አያመጣም። ጥርስ የሚያወጣ ልጅ ያገኘውን ሁሉ አፉ ስለሚከት ተቅማጥ የሚይዘው ከዚያ ነው። የወተት ጥርስ ማስነቀልና እንጥል ማስቆረጥ በዚህ ጉዳይ ላይ ከተነሡ በጭራሽ አይስማሙ፤ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ሕፃናትን ገድለዋል።

በሕክምናው መሃል እውነተኛ ተቅማጥ ቢይዘው የሚያለሰልሰውን መድኃኒት ለጊዜው ያቁሙና ኦአርኤስ ይስጡት። አንድ ፓኬት ፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ፣ እዚህ አገር በብዛት በ1 ሊትር ውሃ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይበጠበጣል፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋል። ውሃ ማነስ ይጎዳዋል፣ ውሃ ማብዛት አያክመውም፤ ልኩን ይጠብቁ። ከ2 ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር፣ በትንሽ በትንሹ። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቀው በማንኪያ ይቀጥሉ። ዚንክ በቀን 20 ሚሊ ግራም ለ10 ቀን ይወስዳል፤ ተቅማጡ ቀድሞ ቢቆምም ኪኒኑ ይጨረስ። ምግቡም አይቋረጥ።

አሁን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሕክምና የሚያስሮጡት፦ አረንጓዴ ማስመለስ፤ ሆዱ ተነፍቶ ወጥሮ ካስመለሰው፤ እየመጣ እየሄደ በሚያስጮኽ ሕመም ጉልበቱን ወደ ሆዱ እየሳበ ካካው ደምና ንፍጥ ከሆነ፤ መጠጣት ካቃተው ወይም ከፈዘዘ፤ ዓይኑ ከጎደጎደ። ካካው ላይ ከላይ የታየ ቀጭን ቀይ መስመር አብዛኛውን ጊዜ ከተሰነጠቀው መውጫ ነው፤ ከካካው ጋር የተቀላቀለ ደም ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ካካ ግን ይታይ። የብረት መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ካካው ይጠቁራል፣ ቀይ ስር የበላ ይቀላል፤ እነዚህ አያስደነግጡም። የነጣ፣ አመድ የመሰለ ካካ የጉበት ወይም የሐሞት ጉዳይ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገይ መታየት አለበት።

ለሐኪሙ የሚነግሩት አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፦ ሲወለድ የመጀመሪያውን ጥቁር ካካ መቼ እንዳለ። በ48 ሰዓት ውስጥ ካላለ፣ ወይም ድርቀቱ ከተወለደበት ወር ጀምሮ ከነበረ፣ ክብደቱ ካልጨመረ፣ እግሩ ከደከመ፣ ሌላ ምክንያት መፈለግ ይኖርበታል። ካልሆነ ምርመራ ማብዛት አያስፈልግም። መድኃኒቱ ከተጀመረ በ2 ሳምንት ተመልሰው ይታዩ። ሲሄዱ የጻፉበትን ወረቀትና ጠርሙሱን ወይም ፓኬቱን ራሱን ይያዙ፤ ሐኪሙ መጠኑን የሚያሰላው ላዩ ላይ ከተጻፈው ግራም ነው።